ፋይሉን ማን ከፈተው?

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ስማችሁ፣ የአባታችሁ ስም፣ ዕድሜያችሁ፣ ቀበሌያችሁ፣ ስልክ ቁጥራችሁና የደም ምርመራ ውጤታችሁ በአንድ መስመር ላይ ተደርድሮ የተጻፈበት ፋይል አለ እንበል። ትናንት ማታ ያንን ፋይል ማን እንደከፈተው የማወቅ መብት አላችሁ ወይስ የላችሁም? “አለን እንጂ!” ለምትሉ ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፤ ማንን ትጠይቃላችሁ? የተጠየቀው ሰውዬስ ምን ላይ አይቶ ይመልስላችኋል?

ነገሩን ከሜዳ አላመጣሁትም። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መግባቱ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። በአገራችን የመጀመሪያው የማርበርግ ወረርሽኝ ነበር። ማብቃቱ እስከታወጀበት እስከ ጥር 18 ድረስ የጤና ሠራተኞች (ከእነሱም መካከል የታመሙ ነበሩ) ከታማሚ ጋር ንክኪ የነበራቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየፈለጉ፣ እየመዘገቡ፣ እያንዳንዳቸውን ለ21 ቀን ሲከታተሉ ከረሙ። እጃቸው ይባረክ። ይህ ሥራ ግን ያለ ዝርዝር አይሠራም። ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ስም አለ፣ ሰፈር አለ፣ ማን ከማን ጋር እንደዋለና እንዳደረ አለ።

ጂንካ አዲስ አበባ አይደለችም። ጂንካ ላይ የአባት ስምና ሰፈር ከታወቀ ቤቱ ታወቀ ማለት ነው። ክትትሉን ጨርሶ፣ ነፃ ነህ ተብሎ ወደ ሱቁ የተመለሰ ሰው “እሱ አይደለም እንዴ?” ከተባለ፣ ቫይረሱ ባይነካውም ስሙ ታሞ ይኖራል። ለዚያ ስም ክትባት የለውም።

ልብ በሉልኝ፤ ዝርዝሩ ወጥቷል እያልኩ አይደለም። ወጥቷል ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል። አልወጣም ለማለትም እንደዚያው። የእኔ ጠብ ከሁለተኛው ጋር ነው፤ በዚህች አገር ያለ ማስረጃ “ምንም አልወጣም” ማለት እንዴት እንዲህ ቀላል ሆነ?

* * *

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ መዝገብ ቤትን ያውቃል። ደብዳቤ ሲገባ የገቢ ቁጥር፣ ሲወጣ የወጪ ቁጥር ይመታበታል። ማህደር ከመደርደሪያ ሲነሳ ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደው፣ መቼ እንደመለሰው ተጽፎ ይፈረማል። የመዝገብ ቤቷ እናት (ብዙ ጊዜ እናት ናቸው) መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው “ፈርምና ውሰድ” ካሉ፣ የመምሪያ ኃላፊም ቢሆን ፈርሞ ይወስዳል። ከደብዳቤው ግርጌ ደግሞ “ግልባጭ” የምትባል ነገር አለች። ስንቶቻችን ቀልደንባታል! ሦስት መስመር ደብዳቤ፣ ስምንት መስመር ግልባጭ… ግን ግልባጭ ምንድን ናት? ይህ ወረቀት ለእነማን እንደደረሰ የምትመሰክር ዝርዝር ናት። ያ ቢሮክራሲ ሰው ያጉላላል፣ ያሰለቻል፣ ጉቦም ይበላበታል። ወረቀቱ የት እንዳለ ግን ያውቅ ነበር።

አሁን ሰነዱ ወደ ክላውድ ወጣ። እናቲቱ ጡረታ ወጡ፤ በቦታቸው “ሊንኩን ላክልኝ” የሚል አዲስ የሥራ ቋንቋ ገባ።

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ደግሞ ነገሩ የግድ ነው። ክልሉ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ቢሮዎቹ አንድ ከተማ ላይ አልተሰበሰቡም፤ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ እየተባለ ተከፋፈሉ። አሪም ከደቡብ ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ የነበረው ማህደርም አብሮ መከፈል ነበረበት። ከኦሞራቴ ጂንካ፣ ከጂንካ ሶዶ ያለውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ ኤክሴል አትሞ በአውቶቡስ ላኩ የሚል ሰው ቢኖር እኔም አብሬ እስቅበታለሁ። ስለዚህ ሰነድ በሊንክ ይሂድ። በዚህ አልጣላም። የምጣላው ሊንኩ ሲሠራ ከምትመረጠው አንዲት መስመር ጋር ነው፤ “ሊንኩ ያለው ማንኛውም ሰው” ከምትለው።

ለምን ትመረጣለች? ክፋት የለበትም። ፋይሉ ለአለቃ ይላካል፤ አለቃ ስልኩ ላይ ያለው ሌላ ጂሜይል ነው፤ “ፈቃድ ጠይቅ” ይለዋል፤ ይደውላል፤ “አይከፍትልኝም’ኮ!” ይቆጣል። ወንድማችን የአይቲ ባለሙያው ደግሞ የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ውጤቱ በዚያ አለቃ እጅ ነው። ለሁሉም ይከፍተዋል። አለቃ ገባ፤ ደስ አለው። ከአለቃ በኋላ ማን ገባ? የስንቱ ሰው ገመና እንዲህ ባለች አንዲት የስልክ ቁጣ ሜዳ ላይ እንደተሰጣ እግዜር ይወቀው።

እንዲህ የተከፈተ ሰነድ ውስጥ ገብታችሁ ታውቁ ከሆነ፣ ጎግል ስማቸውን ለማያውቃቸው ጎብኚዎች የእንስሳ ስም እንደሚያወጣላቸው አይታችኋል። ስም የለሽ ጎሽ፣ ስም የለሽ ዝሆን፣ ስም የለሽ ጅብ… ጂንካ ያለ ሰው ማጎ ፓርክ ድረስ መድከም የለበትም፤ የመሥሪያ ቤቱን ኤክሴል መክፈት ይበቃዋል። አበው ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይላሉ። እኛ የባስነው ግን ሳይጠይቀን ነው ያነጠፍንለት።

* * *

የሚያናድደው ደግሞ ማሽኑ ከእኛ የተሻለ መዝገብ ቤት መሆኑ ነው። መሥሪያ ቤቱ በራሱ ስም የተከፈተ የጎግል ወርክስፔስ አካውንት ካለው፣ ጥቅሉም የሚፈቅድ ከሆነ፣ በአስተዳዳሪው ገጽ ውስጥ የድራይቭ ሎግ የሚባል አለ። ሎግ ማለት ያው መዝገብ ነው። ፋይሉን ማን አየው፣ ማን አወረደው፣ ማን ኮፒ አደረገው፣ ማን ለማን አጋራው፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው አይፒ አድራሻ፤ “ለተወሰኑ ሰዎች” የነበረው ፋይል “ሊንኩ ላለው ሁሉ” የሆነው መቼ ነው፣ የቀየረውስ ማን ነው፤ ሁሉም ይጻፋል። ቀን ይመረጣል፣ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የተጋራውን ብቻ አሳየኝ ተብሎ ይጣራል፣ ውጤቱ ወደ ሠንጠረዥ ይወርዳል። አንድ ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው። የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭም መዝገብ አለው፤ ስም የለሽ ሊንክ ሲፈጠር አንድ መስመር፣ ያ ሊንክ ሲከፈት ሌላ መስመር ይጽፋል። “ፈርምና ውሰድ” የምትለዋ እናት ጡረታ አልወጡም ማለት ነው። እኛ ነን ወደ ክፍላቸው ብቅ ማለት ያቆምነው።

ታዲያ እሳቸውም ገደብ አላቸው። የጎግል መዝገብ የሚቆየው ስድስት ወር ነው፤ የማይክሮሶፍት መደበኛው 180 ቀን። ከዚያ በኋላ ይሰረዛል፤ አቤት የሚባልበት የለም። አስቡት፤ በኅዳር በጎግል ላይ የተከፈተ ፋይል መዝገብ ቀድሞ ካልወረደ ግንቦት ላይ የለም። በዚህች አገር አንድ ቅሬታ ከቀበሌ ተነስቶ ዞን እስኪደርስ ስንት ወር እንደሚፈጅ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ኮሚቴው ተቋቁሞ፣ አበል ተፈቅዶለት፣ “ይጣራ” ተብሎ ሲጀመር የሚጣራው ነገር ራሱ ጠፍቶ ይጠብቀዋል።

ፋይሉ ያለው በሠራተኛው የግል ጂሜይል ላይ ከሆነ ደግሞ የተቋም መዝገብ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም የለም። ነፃው አካውንት ማን እንዳስተካከለና ማን እንዳጋራ ያሳይ ይሆናል፤ ማን እንዳየ ግን አይነግርም። ሠራተኛው ሲዛወር የሕዝቡ ዝርዝር በኪሱ አብሮት ይዛወራል። ማህደሩን ከመደርደሪያ አውጥቶ ቤቱ ወስዶ አልጋው ሥር ያስቀመጠ የመንግሥት ሠራተኛ ድሮ ምን ይደረግ ነበር? አሁን “ጎበዝ፣ በራሱ ኢንተርኔት ይሠራል” ተብሎ ይመሰገናል!

ሎጉ ቢኖርም እንኳ “ሊንኩ ላለው ሁሉ” በሚለው በር የገባ የውጭ ሰው በስሙ አይመዘገብም፤ መዝገቡም ላይ ስም የለሽ ሆኖ ነው የሚታየው። ጅብ መግባቱን ይነግራችኋል፣ የትኛው ጅብ እንደሆነ አይነግራችሁም። ስለዚህ ማጋራት ካስፈለገ በስም፣ ለተለየ ኢሜይል ነው። በስም የተጋራው ሰው በስሙ ይመዘገባል። ልክ እንደ ግልባጭ።

* * *

“ይኼ ሁሉ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፣ እኛ ገና መብራት አልተረጋጋልንም” የሚል አይጠፋም። ይህን ለሚል ሰው ከአዲስ አበባ፣ ከቀድሞው ዓለም በቃኝ እስር ቤት ቦታ ላይ የቆመውን ሕንጻ ላሳየው። የአፍሪካ ሕብረት ዋና መሥሪያ ቤት። ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ በስጦታ ያስረከበችው፣ ጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው።

ሌ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በጥር 2010 ዓ.ም. እንደጻፈው፣ የሕብረቱ የአይቲ ሠራተኞች በጥር 2009 አንድ ነገር አስተዋሉ። ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት፣ ሕንጻው ውስጥ ሰው በሌለበት፣ ሰርቨሮቹ ቀን ከሚሠሩት በላይ ይሠራሉ። ዳታው ወደ ሻንጋይ ይገለበጥ ነበር ይላል ጋዜጣው። በየሌሊቱ። ሕንጻው ከተመረቀ ጀምሮ፣ ለአምስት ዓመት። ቻይና ወሬው መሠረት የለውም አለች፤ የሕብረቱም መሪዎች አስተባበሉ። ሕብረቱ ግን የራሱን ሰርቨር ገዛ።

ማን ምን እንዳደረገ ለእነሱ ልተወው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ይህን ለመድረስ የስለላ ድርጅት አላስፈለገም፤ በስንት ሰዓት ምን ያህል ዳታ ወጣ የሚል ሥዕል ማየት ብቻ ነው ያስፈለገው። ሰው ሲተኛ ማሽኑ ለምን አልተኛም? ጥያቄው ይኸው ነበር። መዝገቡ አምስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት እየተጻፈ ነበር ማለት ነው፤ አንባቢ ነው የጠፋው። ደግሞ አልተማርንበትም። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሮይተርስ በዚያው ግቢ የደኅንነት ካሜራዎች ምስል እየተሰረቀ ይወጣ እንደነበር ጻፈ፤ ሕብረቱ የነቃው ከጃፓን በመጣ ጥቆማ ነበር። ከጃፓን! የቤታችንን በር ክፍት መሆኑን የሚነግረን ቶኪዮ ያለ ሰው ነው።

ሀብታሞቹም ቢሆኑ ሎግን በውድ ነው የተማሩት። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ኢሜይሉ መበርበሩን የደረሰበት፣ ለማይክሮሶፍት ተጨማሪ ከፍሎ ይይዘው በነበረ ሎግ ነው። ያልከፈለ ቢበረበርም አያይም ነበር። ጩኸቱ ሲበዛ ነው ኩባንያው ያንን ሎግ በርካሽ ለሚገዙትም የለቀቀው፣ መደበኛውንም ከ90 ቀን ወደ 180 ያሳደገው። የራስህን ቤት ሌባ ማየት ተጨማሪ ክፍያ ሊኖረው ይገባ ነበር? አይገባም ነበር። እኛ ግን ሳንከፍል የተሰጠንንም አላየንም።

* * *

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከተመረቅን በኋላ ሥራ ፍለጋ ከዞርንባቸው ቤቶች አንዱ (ስሙን አልጠራም) የአመልካቾችን ዝርዝር በቴሌግራም ለቀቀው። ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ ስልክ፣ የተመረቅንበት ነጥብ። በሊንክ፤ ለሁሉም ክፍት። ሁለት ቀን ሳይሞላ ጓደኞቼና እኔ የማናውቀው ሰው እየደወለ “ሥራ ላስገባሽ እችላለሁ፣ እንገናኝና እናውራ” ይለን ጀመር። ሴት ልጅ ለሆነች ሥራ ፈላጊ ይህ ስልክ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አለብኝ? ሄደን “ማን ማን ከፈተው?” ብለን ጠየቅን። መልሱ “ሊንኩን ዘግተነዋል” ሆነ። ስንት ሰው አየው ብዬ ነው የጠየቅኩህ ጋሼ! ሌባ ከገባ በኋላ በር መዝጋት ጥሩ ነው። ምን እንደተወሰደ ግን አይነግርም።

“ዘግተነዋል” የአንድ ቢሮ መልስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። የመንግሥታችንም መልስ ይኸው ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጣ። ፈተናው ተሰረዘ፤ ሩብ ሚሊዮን የሚሆን ተማሪ ቁጭ ብሎ ቀረ። በሐምሌ ሲደገም መፍትሔው ምን ሆነ? የአገሩን ሁሉ ማኅበራዊ ሚዲያ መዝጋት። ሣጥኑ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ ከመናገር ይልቅ ሚሊዮኖችን ከኔት ማውረድ ቀለለ። መዝገብ የሌለው ቤት ሁልጊዜ በሩን ነው የሚደበድበው።

* * *

ሕግ የለም እንዳትሉኝ፤ አለ። የሚገርመውም እሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይዘው እንዲቆዩ ያስገድዳል። ማለትም እኔና እናንተ መቼ ከማን ጋር እንደተገናኘን የሚናገር ዳታ ለአንድ ዓመት ይቀመጣል። የእኔን ስም የያዘውን ፋይል የትኛው ባለሥልጣን ለማን እንዳሳየ የሚናገረው ደግሞ ማንም ሳያየው በስድስት ወር ይሰረዛል። ዜጋው ሎግ አለው፤ ቢሮው ሎግ የለውም። የተገላቢጦሽ አይደለም እንዴ?

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ። ጥሩ አዋጅ ነው፤ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ይቆጥራል፤ ዳታ ሲሾልክ የያዘው አካል በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዛል። 72 ሰዓት! ግን ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መሹለኩ ሲታወቅ ነው። ሎጉን የማያይ መሥሪያ ቤት መቼም አያውቅም፤ የማያውቅ አያሳውቅም፤ የማያሳውቅ አይቀጣም። እንግዲህ በዚህ አገር ሕግ አክባሪ ሆኖ ለመኖር ቀላሉ መንገድ ዓይንን ጨፍኖ መቀመጥ ነው ማለት ነው።

ከዚሁ ጎን በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 አለላችሁ፤ የመንግሥት መረጃ የማግኘት መብት የሰጠን፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዘዘ። ጋዜጠኝነት ስንማር በደንብ ሸምድደነዋል። እስቲ በዚህ አዋጅ አንድ ወረዳ ሄዳችሁ የመንገድ ጨረታ ውል ጠይቁ። “ምስጢር ነው”፣ “ኃላፊው የሉም”፣ “ደብዳቤ አጽፋችሁ ኑ”። የጨረታው ውል ሰባት ቁልፍ ተቆልፎበታል፤ የድሃው ስልክ ቁጥርና የደም ውጤት ግን ሊንኩ ላለው ሁሉ! መከፈት ያለበት ተዘግቶ፣ መዘጋት ያለበት ተከፍቶ። የምሟገተው ይህን ተገላብጦ ነው እንጂ ጎግልን አይደለም።

* * *

አሁን በጣም የምፈራውን መልስ ላንሳ፤ ምክንያቱም የሚነሳው ከራሳችን ሰፈር ነው። “አንቺ፣ ሎግ ይታይ ስትዪ እኮ ለአለቆች ጅራፍ እያቀበልሽ ነው። ነገ ሙስና የሚያጋልጥ ሠራተኛ ለጋዜጠኛ ሰነድ ሲልክ በዚያው ሎግ ይያዛል።” እውነት ነው፤ ይያዛል። በ2006 ዓ.ም. ጦማሪያንና ጋዜጠኞች ሲከሰሱ፣ ስለ ዲጂታል ደኅንነት መሠልጠናቸው ራሱ በክሱ ውስጥ እንደገባ የማናስታውስ አይደለንም። ይህ መንግሥት ሎግ ማንበብ አያውቅም ማለትም ሞኝነት ነው፤ ሲፈልግ ያውቃል።

ግን ነገሩን እንለየው። የጨረታ ውልና የማርበርግ ታካሚ ስም አንድ ፎልደር ውስጥ የሚኖሩ ነገሮች አይደሉም። የመጀመሪያው የሕዝብ ነው፤ ቢሾልክ ሕዝብ ይጠቀማል፤ እሱን ለማጋለጥ ሎግ መፈተሽ ሠራተኛን ማሳደድ ነው። ሁለተኛው የአንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሎጉን የማየት ከማንም በላይ መብት ያለው ነው። እንግዲህ የምለው፣ የሰው ስም የያዙ ፋይሎች ሎግ በየሳምንቱ ይውረድ፣ ከአንድ በላይ ሰው ይየው (አስተዳዳሪው ራሱ ገጹ ላይ የሚሠራውም ይመዘገባልና እሱም ይታይ)፣ ስሙ ያለበት ሰው መጥቶ ሲጠይቅ ይነገረው። አለቃ ብቻውን የሚያነበው ሎግ ጅራፍ ነው። ባለቤቱ የሚያነበው ሎግ ደረሰኝ ነው።

ሎግ ተአምር አይሠራም፤ ፋይሉ አንዴ ከወረደ በኋላ ፍላሽ ላይ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ ያነሳውንም አይዝም። ቢያንስ ግን መጀመሪያ እጁ የገባው ማን እንደሆነ ይናገራል።

* * *

መንግሥትን ብቻ ስነካካ ዋልኩ፤ ግብረ ሰናይ ድርጅቶቹ “እኛን አልፋናለች” ብለው እንዳይደሰቱ። በ2016 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ዳሰነች ወረዳ በአስር ሺዎች ሲፈናቀሉ እርዳታ በዝርዝር ነው የታደለው፤ የቤተሰብ ብዛት፣ ዕድሜ፣ የጣት አሻራ። ዛሬ እንዲህ ያለ ምዝገባ እንደ ኮቦ ባሉ የስልክ ፎርሞች ይሠራል፤ በዚያም ላይ “ማንኛውም ሰው ያስገቡትን መረጃ ማየት ይችላል” የምትል ምርጫ አለች፤ በአንዲት ንክኪ ትበራለች። የተፈናቀለው አርብቶ አደር ስሙን የሰጠው እህል ስለፈለገ ነው። ስሙ ከኦሞራቴ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢና ጄኔቫ ሲጓዝ በየጣቢያው ማን እንዳየው የሚነግረው ሰው አለ?

ደቡብ ኦሞ ደግሞ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። ተመራማሪው፣ ፊልም ሠሪው፣ ቱሪስቱ ከዚያ ምድር ስንት ምስልና ስንት ድምፅ ይዞ ወጥቷል! ለዚህ የተሻለ መልስ ያገኙት ሙርሲዎች ናቸው። ሙርሲ መንደር የሄደ ያውቀዋል፤ ፎቶ በነፃ አይነሳም። ካሜራው ስንቴ “ቀጭ” እንዳለ ቆጥራ ነው እናቲቱ የምታስከፍለው። አምስት አንስተህ የሦስት ብትከፍል ትይዝሃለች። ቱሪስቱ “ንግድ ሆነ፣ ባህሉ ተበላሸ” እያለ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። ምኑ ተበላሸ? ምስሏ ስንቴ እንደተወሰደ ታውቃለች። ዲግሪ ይዘን፣ ቢሮ ይዘን፣ አድሚን የሚል ማዕረግ ይዘን እኛ የማናውቀውን።

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ወጣቶች ናችሁ፤ ከእናንተም ብዙዎቹ ያንን ፎልደር የምትሠሩት ናችሁ። የጤና ጣቢያው የመረጃ ባለሙያ፣ ለሦስት ወር የተቀጠርሽው መዝጋቢ፣ የዩኒቨርሲቲው የአይቲ ልጅ። አለቃ ሲቆጣ “ለሁሉም ክፈተው” የሚባለው ለእናንተ ነው፤ ጣታችሁ ናት የምትጫነው። ኢሜይሉን ጠይቃችሁ በስም አጋሩለት። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ይቆጣ።

ወደ ጂንካ ልመለስ። በወረርሽኙ ጊዜ የተነካኩ ሰዎችን ዝርዝር የያዘው መሥሪያ ቤት የትኛውም ይሁን፣ ወረዳም ዞንም ክልልም ፌዴራልም፣ አጋር ድርጅትም፣ የምጠይቀው የማንንም ስም አይደለም። አራት ነገር ነው። ዝርዝሩ በተቋም አካውንት ነው ወይስ በግለሰብ ጂሜይል የተያዘው? ስንት ሰው ከፈተው? ከእነዚያ ውስጥ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሆኑት ስንት ናቸው? ሎጉስ ሳይሰረዝ ወርዷል? መልስ ያለው ኃላፊ ካለ ይጻፍልን፤ ቃል ሳንቀንስ እዚሁ እናወጣዋለን።